የሲባጎው ወሰን

"ሊቤ! እየረፈደብን ነው እኮ!"

አትክልት ለሦስተኛ ጊዜ ተጣራች። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጸጉሯን በቅባት አስተኝታ ደጅ ቆማ የምትጠብቀው ሊቤ ነበረች። ጫማ የምታጣው፣ ቁልፍ የምትረሳው፣ "ቲቸር፣ ዛሬም አስረፈድሽን" የምትባለው አትክልት ነበረች። ዛሬ ግን የአከራዮቿ ዋና ቤት በር እንደተገጠመ ነው። ቀርባ አንኳኳች።

የሊቤ እናት ገለቴ በሩን ለፊቷ ያህል ብቻ ከፈት አደረገችው።

"ዛሬ አትሄድም።"

"አመማት እንዴ?"

"አላመማትም።"

"ታዲያ ምን ሆነች?"

"እኔን አትጠይቂኝ፣ አትክልት። አያቷ ኦቦ ባይሳ ናቸው ያሉት። አትሂድ ካሉ አትሄድም።"

"እሳቸውስ የት ናቸው?"

"ስንቅ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄደዋል።"

ስንቁ የገለቴ ባል የዲሪርሳ ነው። ባጃጁን ጥግ አስይዞ ሰልፍ ሲመለከት ከወጣቶቹ ጋር አፍሰው ከወሰዱት ስምንት ቀኑ ነው። ስለ እሱ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ከውስጥ የሊቤ ድምፅ መጣ።

"ቲቸር! እኔ እኮ ካርታው ላይ ያለውን ነው የነገርኳቸው! ምንም አልጨመርኩም!"

ገለቴ ወደ ኋላ ዞራ በኦሮምኛ ተቆጣቻትና በሩን ዘጋች። ጠረቀመችው ማለት አይቻልም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። አትክልትን ይበልጥ የከፋት ግን ይሄው ቀስታ ነው። ሰው ጎረቤቱ ላይ በር ሲያላጋ ቢያንስ ነገ የሚታረቁበት ቁጣ አለው።

ከግቢው እስከ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንን መንገድ ሊቤ የግራ ክርኗን ይዛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ እያወራች፣ የመምህሯን ኦሮምኛ እያረመችና እየሳቀችባት ነው የሄዱት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶታል። ከአትክልት ዘጠኝ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ውስጥ ብሬሉን በሁለት እጇ የምታነበው እሷ ብቻ ናት። አትክልት ግን ለሰው የማትናገረው ሌላም ነገር ነበር። ከወልድያ ወጥታ፣ እናቷን ቀብራ፣ ቡራዩ ቤት ከተከራየች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቃት ሰው ቢኖር ይህች ልጅ ናት። ዛሬ ክርኗ ባዶውን ሲሄድ የምታደርግበት አጣችና ቦርሳዋን ወደ ግራ አዞረችው።

አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ ሠርቶ ቀርቷል። ሱቆቹ ግማሽ መዝጊያቸውን ብቻ ከፍተው ባለቤቶቹ ከውስጥ አንገታቸውን ያወጣሉ። ፌደራሎቹ መኪናቸውን ከማደያው አጠገብ አቁመው ሻይ ይጠጣሉ። ታኅሣሥ ነበር፣ ሁለት ሺህ ስምንት። መንግሥት አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር በአንድ ፕላን አቀናጃለሁ ካለ ወዲህ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ "ማስተር ፕላን" የሚሉትን ቃል ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ አንድም ሳያዛንፍ ይጠራዋል። በቃሉ ውስጥ የራሱ ማሳ አለበትና።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አለሙ በር ላይ ሆነው ጠበቋት። ትልልቆቹ ተማሪዎች ክፍል አልገባም ካሉ ሳምንት አልፏቸዋል፤ ግቢው ጭር ብሏል።

"ነይማ፣ ነይ" አሏትና ወደ ቢሯቸው አስገብተው በሩን ዘጉ። "አንቺ ልጅ፣ ምንድነው ያደረግሽው?"

"ምን አደረግኩ?"

"ሁለት ወላጅ ገና በማለዳ መጥቶ ነው ያፋጠጠኝ። መምህርቷ ዓይናቸው የማያይ ልጆቻችንን በእጃቸው እያስዳሰሰች ማስተር ፕላኑን ታስተምራለች አሉኝ። ቡራዩን አዲስ አበባ ውስጥ ከታዋለች አሉኝ። የአከራይሽ የልጅ ልጅ ናት አሉ ለአያቷ የነገረቻቸው።"

አትክልት ልትስቅ ነበር። የአቶ አለሙን ፊት ስታይ ተወችው።

"የኅብረተሰብ ትምህርት ካርታ ነው እኮ፣ ጋሼ። አካባቢያችን የሚለው ምዕራፍ። ዓይናማዎቹ መጽሐፉ ላይ ያዩታል፣ የኔዎቹ ምን ይዳስሱ? ወረቀቱ ለስላሳ ነው።"

"እሱን ለኔ አትንገሪኝ፣ እኔ አውቃለሁ። ግን ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። አንቺ ልጁ ለታሰረበት፣ መሬቱ ለተለካበት ሰው ካርታ አዋስሽው! አሁን ደግሞ ወረዳ ቢሰማ 'ካርታ እንድትሠራ ማን ፈቀደላት' ብሎ በሌላ በኩል ይመጣል። በሁለቱም በኩል የምበላው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አቃጥይው። ዛሬውኑ። ነገሩ እስኪበርድ ድረስም መዝሙር አስተምሪ።"

የልዩ ፍላጎት ክፍሉ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ከዘጠኙ ተማሪዎች ሦስቱ ብቻ መጥተዋል፤ ነጥብ እየወጉ ብሬል የሚጽፉባቸውን ሰሌዳዎች ሰጥታቸው ቁጥር እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። ወረቀቱን ሲወጉት የሚሰማው ጠቅ ጠቅ ክፍሉን ሞላው። ካርታውን ከመደርደሪያው አወረደችና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ሁለት ወር የፈጀባት ሥራ ነው። መደቡ የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። አዲስ አበባ የብርጭቆ ወረቀት ናት፤ አናጢ አብዱሰመድ ለእንጨት ማለስለሻ የሚጠቀምበትን ሸካራ ወረቀት ቆርጦ ነው በነጻ የሰጣት። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አንዳንድ ሽንብራ ናቸው። መንገዶቹ የሹራብ ክር፣ የገፈርሳ ግድብ ደግሞ የፌስታል ቁራጭ። ጥግ ላይ የምልክቶቹ መፍቻ በብሬል ተጽፏል። የሆነ ሆኖ ጥሩ ካርታ ነበር። ይህንን ካርታ ሠርታ የጨረሰች ቀን ማታ የምታሳየው ሰው አጥታ፣ አልጋዋ ላይ አቁማ ብቻዋን ስታየው ነው የተኛችው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አሁን ከሥሩ ልታየው ፈለገች። ኮሌጅ ሳለች አንድ ዓይነ ስውር መምህር ነበሯቸው። "የሠራችሁትን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካላነበባችሁት ገና አልሠራችሁትም" ይሉ ነበር። አትክልት ይህንን ቃል ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተናግራዋለች! ይህን ካርታ ግን ጨፍና አላነበበችውም። በዓይኗ እያየች ሠራችው፣ በዓይኗ እያየች ወደደችው።

ጨፈነች። ሌባ ጣቷን ግድቡ ላይ አሳረፈች። ከግድቡ ወደ ቡራዩ፣ ከቡራዩ በሹራብ ክሩ ወደ ሸካራዋ ከተማ ሄደች። ተመልሳ ወደ ውጭ ስትወጣ ሲባጎው አገኛት። ወፍራም፣ ጠንካራ ሲባጎ። ተከተለችው። በሱሉልታ ላይ ዞረ፣ ገፈርሳን አቀፈ፣ ቡራዩን አቀፈ፣ ወደ ሰበታ ወርዶ ሰበታንም አስገብቶ ተገናኘ። ጣቷ መፍቻው ላይ ደረሰ። በራሷ እጅ የተወጋው ነጥብ "ሲባጎ፦ ወሰን" ይላል።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ ጋለ።

ሲባጎው ወሰን አልነበረም፤ የካርታው ጠርዝ ነው። በሌሎቹ ካርታዎች ላይ ሲባጎ የወሰን ምልክት ነበር፣ ጠርዙን በቀጭን የስፌት ክር ነበር የምትሠራው፤ መፍቻውንም ከእነሱ እንዳለ ገልብጣዋለች። ልጆቹ ግን እየጎረጎሩ ይነቅሉታል። እንግዲህ ይኼኛው ይጽናልኝ ብላ በሲባጎ አዞረችው፣ የካርቶኑ ማዕዘን ተቀዳዶ ስለነበርም ጥጉን አጠፍ እያደረገች አከበበችው። በዓይን ለሚያየው ሰው ጠርዝ መሆኑ ግልጽ ነው። በጣት ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ከተማ ሦስት ከተማ ውጣ ተቀምጣለች። ሊቤ አልተሳሳተችም። የተጻፈውን ነው ያነበበችው።

"ቲቸር፣ ሊቤ ለምን አልመጣችም?" አለ ከሦስቱ አንዱ፣ ያደታ።

"ትመጣለች" አለችው። የምትመጣ መሆኑን ግን አላወቀችም። ዓይነ ስውር ልጅ አንድ ጊዜ ቤት ከዋለ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። መጀመሪያ ነገሩ እስኪበርድ ይባላል፤ ከዚያ ክረምቱ እስኪያልፍ፣ ከዚያ አባቷ እስኪመጣ። ከዚያ ማንም ምንም አይልም፤ ልጅቷ ቤት ውስጥ ታረጃለች። ከዘጠኙ ሁለቱን ከእንዲህ ዓይነት ጓዳ ለምና ነው ያወጣቻቸው።

ካርታውን አላቃጠለችውም። ፌደራሎቹ እንዳያዩባት በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከላዩ የገዛችውን ጎመን አድርጋ፣ ኮላዋንና ምላጯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለሰች።

ኦቦ ባይሳ ከዋናው ቤት ፊት ለፊት መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አላወለቁም። የስንቁ ሳህን በፌስታል እንደታሰረ አጠገባቸው አለ።

"አካም ኦልታን፣ ኦቦ ባይሳ?"

"ነጋ።" እንዴት ዋሉ ላለቻቸው በኦሮምኛ ደህና ብለው መለሱ።

ሌላ ቀን ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የከብቱ፣ የብርዱ፣ የወልድያ ዘመዶቿ ሳይቀሩ ይጠየቃሉ፤ ከዚያ "ኢንተላ ኮ" ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዛሬ ግን አንዷ ቃል በቃች።

"ዲሪርሳን አገኙት?"

"ስንቁን ተቀበሉኝ። የትናንቱን ሳህን ሰጡኝ። እሱን አላሳዩኝም።"

"እግዜር ያስፈታው።"

"አሜን።" ነጠላውን አዩት። "ያንን ነገር ነው ይዘሽ የመጣሽው?"

"አዎ። ተሳስቼ ነው፣ ኦቦ ባይሳ።" ካርታውን ገልጣ መደቡ ላይ አኖረችው። ስለ ስፌት ክሩ፣ ስለሚነቅሉት ልጆች፣ ስለ ጠርዙ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስታስረዳ ድምጿ የክፍል ድምፅ እየሆነባት አፈረች።

ሽማግሌው እስክትጨርስ አዳመጧት።

"እሺ። ተሳሳትሽ" አሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መምህርት። የለኩት መሐንዲሶች አቤት ስንላቸው ተሳስተን ነው አሉን። ቀበሌም ሄድን፣ ተሳስተን ነው አለ። አንቺም ተሳስቼ ነው ትያለሽ። እንዴት ነው የሁላችሁም ስህተት ወደኛ መሬት ብቻ የሚመጣው?"

አትክልትን "መምህርት" የሚለው ቃል ከጥያቄው በላይ ወጋት።

ከበሩ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሊቤ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች መጥታ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች። ገለቴ ከኋላዋ ብቅ አለች፤ ግን አልከለከለቻትም።

"አካኮ፣ እጅዎን ይስጡኝ" አለች ሊቤ አያቷን።

የሽማግሌውን ሌባ ጣት ይዛ ካርታው ላይ አሳረፈችው። የእርሻ ጣት ነው፤ ሽንብራውን ከካርቶኑ ለመለየት ተቸገረ።

"ይኼ የሚሻክረው ከተማው ነው። ፊንፊኔ። በዚህ ይምጡ፣ ይኼ ክር አስፋልቱ ነው። እዚህ ጋ እኛ ነን። ይኼ ላስቲኩ ገፈርሳ ነው፣ ውሃው።"

"ገፈርሳ" አሉ። ጣታቸው ፌስታሉ ላይ ቆየ። ከዚያ ከልጅቷ እጅ ወጥቶ ብቻውን ትንሽ ወደ ምዕራብ ሄደ። "ከውሃው በዚህ በኩል ባሕር ዛፉ አለ። ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ የኛ ማሳ ነው። እዚህ መሆን አለበት።" ባዶውን ካርቶን ዳበሱት። "ምንም የለም።"

"ቲቸር፣ የኛ ማሳ የት ነው?" አለች ሊቤ።

"አላደረግኩትም" አለች አትክልት። "ከተሞቹንና መንገዶቹን ብቻ ነው…"

"ሦስት ዓመት ወተቱን ስትጠጪ ከየት የመጣ መስሎሽ ነው?" አሉ ኦቦ ባይሳ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጧት በወደደች።

ምላጩን አወጣች። ሲባጎውን ከሱሉልታ በኩል ጀምራ ከካርቶኑ ፈለቀቀችው፤ ኮላው ይዞት ስለነበር ቦታ ቦታ ላይ ወረቀቱን ይዞት ተነሳ። ሊቤ አንገቷን አዘንብላ ድምፁን ትከተላለች። ተነቅሎ ሲያልቅ መደቡ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ።

ልጅቷ ካርታውን እንደገና ዳበሰችው። በሸካራዋ ከተማና በሽንብራው መካከል ወዲያና ወዲህ አለች።

"ታዲያ ወሰኑ የት ነው?"

ኦቦ ባይሳ ሲባጎውን አነሱት፤ ለኩት፣ በጥርሳቸው በጠሱት። አንድ ክንድ የማይሞላውን ቁራጭ ከብርጭቆ ወረቀቱ ጥግ ጥግ፣ በከተማዋና በቡራዩ መካከል አስተኙት።

"እዚህ ነው" አሉ። "አባቴ ከብት የሚያጠጣበት ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲያ የከተማው ነው፣ ወዲህ የኛ ነው። ለጥፊው። ለጥፊውና ልጅቷ ነገ ጠዋት አብራሽ ትሂድ። ለወላጆቹም ተስተካክሏል ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

አትክልት ኮላውን ከቦርሳዋ አውጥታ ክዳኑን ከፈተችው። ይህ ብቻ ነው የሚፈለገው! አንድ ጣት ኮላ። ነገ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሊቤ ደጅ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ኦቦ ባይሳ ኢንተላ ኮ ይሏታል፤ ገለቴ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ሽማግሌው እውነታቸውን ቢሆንስ? ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ተወልደው እዚህ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እሷ የሦስት ዓመት ተከራይ ናት።

ኮላውን በጣቷ ዛቀች። ከዚያ የሊቤን እጅ አየችው። ካርታው ዳር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። አሁን የሚለጠፈውን ሁሉ ይህ እጅ ነገ ያነባል፣ ያምናል፣ ለሌሎቹ ስምንት ልጆች ያስረዳል። ዓይናማ ልጅ መምህሩ ቢሳሳት ሌላ መጽሐፍ ይገልጣል፣ መንገድ ወጥቶ ያያል። ሊቤ ሌላ መጽሐፍ የላትም። ትናንት በግድየለሽነት የተለጠፈ ሲባጎ ምን እንዳመጣ አይታለች፤ ዛሬ እያወቀች፣ ብቸኝነቷን ፈርታ ሌላ ልትለጥፍ ነው።

"ወንዙን አይቼው አላውቅም፣ ኦቦ ባይሳ" አለች። "ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ይውሰዱኝና ያሳዩኝ። ወንዙንም፣ ማሳውንም። በእግሬ ተከትዬ፣ አይቼ እለጥፈዋለሁ።"

ሽማግሌው ጫማቸውን ተመለከቱ።

"እኔ ራሴ መሐንዲሶቹ ከለኩት ወዲህ በዚያ በኩል ዞር ብዬ አላውቅም" አሉ። "ችካል ተክለውበታል። ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም።" ቀና ብለው አዩዋት። "አባቴ ነግሮኛል፣ እኔ ነገርኩሽ። ይበቃል። ትለጥፊያለሽ ወይስ አትለጥፊም?"

"ቲቸር፣ ለጥፊው በቃ" አለች ሊቤ። "እኔ ነገ መሄድ እፈልጋለሁ።"

አትክልት ጣቷ ላይ የደረቀውን ኮላ በአውራ ጣቷ አሸችው።

"ሊቤ፣ የምነግርሽን ስሚ። ወሰኑ የት እንደሆነ አላውቅም። አካኮሽ ያውቁ ይሆናል። እኔ ግን አላየሁትም፤ ያላየሁትን ጣትሽ ሥር አላኖርም።"

ልጅቷ እጇን ከካርታው ዳር ሰበሰበች። ኦቦ ባይሳ ቁራጩን ሲባጎ ከካርታው ላይ አነሱት። ገለቴ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች።

አትክልት፣ ልጅቷ ቤት ብትቀርም የምታነበው እንዲኖራት፣ ካርታውን አንስታ ሊቤ ጭን ላይ አኖረችው። የኮላውን ክዳን ገጠመች፣ ጎመኗን ያዘችና ወደ ክፍሏ ሄደች።